ጎጆ መውጫ

ሞላሌ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ባሕር ቢለየንም ከቤታችን ጸሎት ላልተለየኸው ወንድሜ ለኃይለ ኢየሱስ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ገብሱን ዘንድሮም ዋግ መታው፤ በጎቹ ግን በደህና ወልደዋል።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። ዶክተር መባልህን ሲሰሙ «እሰይ!» ብለው ከተኙበት መደብ ቀና አሉ። ቀጥዬም፣ ከአስተማሪህ ተለይተህ የራስህን ምርምር እንድትጀምር ትንሽ መነሻ ገንዘብ እንደተሰጠህ፣ ለዚህም ሌላ ሁለት ዓመት እንደምትቆይ አነበብኩ።

«ራሱን እንዲችል ሰጡት በለኛ?»

«አዎ አባባ።»

«ጎጆ መውጫ ነዋ! ምነው፣ አባት የለውም ተባለ እንዴ?»

ገንዘቡ ስለ ገብስ ዋግ ለምታጠናው ጥናት መሆኑን ባስረዳቸው፣ «ዋግማ እዚህም አለ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ትዳር ስትይዝ ሊሰጡህ ያቆዩልህን ቦራ በሬ በማግስቱ ለአጎታችን ልጅ ለወዳጆ ሰጡት። «ያኛው ጎጆ ወጥቷል» አሉ። ወዳጆም ሳያፍር ነድቶት ሄደ።

ሌላ የሚያሳስብ ወሬ የለም። አባባን ብርድ ቢጤ ይዟቸው እህል ቀንሰዋል። የነፍስ አባታቸው በዚህ ሳምንት ደጋግመው ጠየቋቸው። እህታችን አስካለ ማርያምም ነጩን ጋቢያቸውን አጥባ አስቀምጣለች።

ሚስቴም ልጆቼም እጅ ነስተውሃል። የአባባን ምርቃት ከዚህ ግርጌ ልጽፍልህ ብዬ ቃላቸውን ብጠይቅ፣ «እጄን ራሱ ላይ ጭኜ እንጂ በወረቀት አልመርቅም» አሉኝ።

ወንድምህ አፈወርቅ