የአማቴ ስልክ ድብቅ ሜኑ

ይድረስ ከባሕር ማዶ ተቀምጣችሁ የባለ ቁልፍ ስልኮችን ሆድ ዕቃ ለሠራችሁ ክቡራን መሐንዲሶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እናንተም ቤተሰባችሁም ጤናችሁ የተጠበቀ፣ ጆሯችሁ ከድንገተኛ ጩኸት የራቀ፣ አማቶቻችሁም በእናንተ ደስ የተሰኙ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ኩባንያችሁን በስሙ ጠርቼ ላከብር ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ቀፎው ላይ የተጻፈው ስም በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በአማቴ አውራ ጣት ተፍቆ ስላለቀ በጅምላ ሰላም ለማለት ተገድጃለሁ።

ፍሥሐ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቴክኒክ ሥዕል መምህር ነኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የምታወቀው ግን «የስልክ ሐኪም» በሚል ማዕረግ ነው፤ ማዕረጉን ለራሴ የሰጠሁት እኔው መሆኔን ከትሕትና የተነሣ ለማንም አልተናገርሁም። ለዚህ ክብር ያበቃኝ በኮከብና በመሰላል መሀል ቁጥሮች እየመታሁ እናንተ የደበቃችሁትን ሜኑ ማውጣት መቻሌ ነው። መጀመሪያ የከፈትሁት ዕለት ስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየሆነ ሲያልፍ የተሰማኝ ደስታ ከሠርጌ ቀን ደስታ የሚያንስ አልነበረም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ባለቤቴ ሠናይት ዘላ እንድታነባት እለምናለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ሜኑውን ከእንደኔ ዓይነቱ ሰው አጥብቃችሁ አለመደበቃችሁ ነው። ባለፈው ጥቅምት የሠናይትን አባት መሪጌታ ዘርአ ዳዊትን ልንጠይቅ አንኮበር ወጣን። መሪጌታ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ፣ ዛሬም ደብራቸውን የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ስልካቸው ሲጠራ እንደማይሰማቸው ነገሩን። ሠናይት «አዲስ እንግዛላቸው» ስትል «እኔ እያለሁ?» አልሁ። እነዚያን ቁጥሮች መታሁ፤ ሜኑው ተከፈተ። የጥሪው ድምፅ መጠን ሰማንያ ይላል፤ የመጨረሻው ወሰን ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት አደረግሁት።

መሪጌታ በትከሻዬ በኩል አዩና «ልጄ፣ ይህን ያህል ያስፈልጋል?» አሉኝ።

«ቦታው እስካለ ድረስ ምን ይጎዳል?» አልኋቸው። እንዲህ ያለ ጥልቅ መልስ የምሰጥ ሰው ነኝ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ ይህን ያህል ድምፅ ለሰው ስትፈቅዱ «ለመሆኑ ዛሬ እሑድ አይደለም ወይ?» የሚል አንዲት ማስጠንቀቂያ አለማስቀመጣችሁ ነው። በሳምንቱ እሑድ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ሆኜ ሥራዬን ላረጋግጥ ደወልሁ። መሪጌታ በዚያ ሰዓት ቅኔ ማኅሌት ውስጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ስልኩ ከደከመ ወዲህ ማጥፋቱን ትተውታል። ከጋቢያቸው ሥር እናንተ የጫናችሁት የጭፈራ ሙዚቃ ፈነዳ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደመቀች በኋላ እንደነገሩን ጽናጽሉ ቆመ፣ ከበሮውም ቆመ፤ መሪጌታ ኪሳቸውን ፍለጋ ጋቢያቸውን ሲያገላብጡ ዲያቆናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ደግሞ ስልኩ ስላልተነሣ ሳይሰማቸው ቀርቶ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ሞከርሁ። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። ለድምፁ ጥራት ያለኝን ምስጋና በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ድምፁን ልቀንስ እንደገና ወጣን። ሜኑውን ከፍቼ ስወርድ በማላውቀው ፊደል የተጻፈ መስመር አገኘሁ። የማያውቀውን የማይነካ ሰው ሐኪም አይባልም በማለት «እሺ»ን ተጫንሁ። ስልኩ ጠፋ፣ በራ፤ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ። በቀፎው ላይ የነበሩት አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ስሞች አንድም አልቀሩ። ከደነባ እስከ ሰላ ድንጋይ በየደብሩ የሚያገለግሉ ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ሰው ሲታመምባቸውና ሲሞትባቸው ቀድመው ለእሳቸው የሚደውሉ ቤተሰቦች ናቸው። ሠናይት በየጊዜው እየመጣች አንድ በአንድ የመዘገበቻቸው ነበሩ።

«ፍሥሐ፣ ምን ነካህ?» አለች። ድምፅዋ ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ ነበር።

መሪጌታ ምን እንደሆነ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። «ከስልኩ ነው እንጂ የጠፋው» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ስም፣ ደብር፣ ከዚያ ዐሥሩ ቁጥር። ሌላ ስም፣ ሌላ ደብር፣ ዐሥር ቁጥር። ዜማውን ሁሉ በቃል የያዘ ሰው ለስልክ ቁጥር እንደማይቸገር እኔ የስልክ ሐኪሙ እንዴት ልወቅ? ሠናይት አላመነችም፤ ከመሀል አንዱን መርጣ ደወለች። «መሪጌታ! ደኅና ነዎት ወይ?» የሚል የጎልማሳ ድምፅ መለሰላት። ሁለተኛ ሞከረች፤ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ማረጋገጡን ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ እስከ ከሰዓት በኋላ ስጽፍ ዋልሁ፤ አውራ ጣቴ አበጠ።

የመጨረሻው ላይ ስንደርስ፣ መቼም አማች ነኝና፣ «የእኔስ?» አልሁ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ያንተን አልያዝሁትም።»

እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«በቃል የሚያዘው የተደጋገመ ነው። አንተ ካለፈው እሑድ በፊት መቼ እንደደወልህልኝ አላስታውስም። የእሑዱም ቢሆን ለስልኩ ነበር እንጂ ለእኔ አልነበረም።»

በቁጣ አላሉትም፤ ዜማ የሳተ ተማሪ እንደሚያርሙ አድርገው ነው ያሉት። አማቻቸው ከሆንሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የቀፏቸውን ማይክሮፎን፣ ባትሪና ንዝረት በየተራ መርምሬአለሁ፤ እሳቸውን ግን እንዴት ዋሉ ብዬ አልጠየቅሁም። የራሴን ቁጥር በራሴ እጅ አስገባሁና ወጥቼ ከደጅ ቆምሁ።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ እደውላለሁ። በመጀመሪያው ሐሙስ «ስልኩ ምን ሆነ?» አሉኝ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በአምስተኛው ግን ገደሉን ሲወጡ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አጫወቱኝ፤ ይህን ለሠናይት ስነግራት አላወቀችም ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ መሆኑን በዚህ ሁሉ ማስረጃ እንዳረጋገጥሁ አምናለሁ። ለወደፊቱ ሜኑውን ጠለቅ አድርጋችሁ እንድትቀብሩት በታላቅ አክብሮት እየጠየቅሁ፣ ለጥበባችሁ እጅ እነሣለሁ።

ፍሥሐ፣ ከደብረ ብርሃን
ማዕረጉን በገዛ ፈቃዱ የመለሰ የስልክ ሐኪም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሠናይት የስልኩን መመሪያ ከካርቶኑ ውስጥ አግኝታ አነበበችልኝ። ገጽ ዘጠኝ ላይ የጥሪ ድምፅ ለመጨመር ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቁልፍ መጫን ይበቃል ብላችሁ በግልጽ ጽፋችኋል። መደበቅ የነበረባችሁ እሱን ነበር።