ደቻቱ የሞላ ዕለት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
እሑድ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ኃይለየሱስ፣

እንዴት ከረምክ? ጅቡቲ ሙቀቱ ጀምሯል አሉ። ከመኪና ሥር ገብተህ ስትሠራ ውሃ መጠጣት አትርሳ፤ ምሳህንም አትዝለል። እኛ በሕይወት አለን። ኑሀሚንም እኔም፣ ሁለታችንም በሕይወት አለን። ከዚህ በታች የምጽፍልህን ስታነብ ልብህ ከደነገጠ ወደዚች መስመር ተመለስ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠችህ ልጅ ሰገል ትባላለች። ለኳስ ውድድሩ ከመጡት ከጅቡቲ ተማሪዎች አንዷ ናት። ነገ በባቡር ስለሚመለሱ አደራ አልኳት። እጇ ላይ ያለውን ፋሻ አይተህ ይሆናል። አስቀምጣትና የሚቀዘቅዝ ነገር ስጣት፤ ለኛ ምን እንደሆነች አሁን ትረዳለህ።

ሐሙስ ማታ ደውለህ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኩህ። ጉንፋን አልነበረም። ጮኬ፣ ጮኬ ተዘግቶ ነው። ኑሀሚን አጠገቤ ነበረች፤ ደግሞም በስልክ ብጀምረው የምጨርሰው አልመሰለኝም።

ውድድሩን ታውቀዋለህ፤ ልጅህ ከጥር ጀምሮ ጆሮህን ያደነቆረችህ በሱ ነው። ከጅቡቲ፣ ከሐርጌሳና ከናይሮቢ ትምህርት ቤቶች የሴትም የወንድም ቡድን መጣ። ከተማው ደምቆ ነበር። ኑሀሚን ለሴቶቹ በረኛ ሆና ተመርጣ፣ ጓንቷን ለብሳ ነው የምትተኛው ብልህ ታምነኛለህ?

ሐሙስ ከሰዓት ሜዳውን ወንዶቹ ለግማሽ ፍጻሜ ያዙትና ሴቶቹ መለማመጃ አጡ። «ደቻቱ እንውረድ» ተባባሉ። የወንዙ አሸዋ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሁልጊዜ የሚጫወትበት ነው። የጅቡቲ ልጆችም አብረው ወረዱ። የኛዎቹ አሰልጣኝ መምህር አለምብርሃን የሚጠጣ ሊገዛላቸው ወደ ሱቅ ወጣ ብሎ ነበር። አልፈርድበትም። እዚህ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ የዘነበው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው።

እኔ ፋብሪካ ስፌት ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ። ፊርዶስ ናት፣ የቡድናቸው ተከላካይ። «እትዬ አሰገደች፣ ደቻቱ መጣ! ኑሀሚን ውስጥ ናት!» አለችኝና ተቋረጠ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሱፐርቫይዘሯ «ወዴት ነው?» ስትለኝ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ለባጃጁ ልጅ «ደቻቱ» ብቻ አልኩት፤ ፊቴን አይቶ ሌላ አልጠየቀኝም። ስንቀርብ ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ያን ድምፅ። ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም፣ መሬቱ ከሥርህ ሲያጉረመርም። ከዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ዝናብ ሲሸት ወደዚያ ዝር እንደማልል ታውቃለህ። ባጃጁ ቆሞ እኔ መውረድ አቃተኝ።

ዳሩ ላይ ሰው ግጥም ብሏል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ግንድ ይዞ፣ የሰው ቆርቆሮ ይዞ ይወርዳል። ልጆቹ ግማሾቹ በኛ በኩል፣ ግማሾቹ ማዶ በመጋላ ሰፈር በኩል ወጥተዋል። ቢጫ ማሊያ ፈለግሁ፤ ቢጫ የምትለብሰው በረኛዋ ብቻ ናት። በዚህም የለም፣ በዚያም የለም። ፊርዶስ ክንዴን ያዘችና ወደ መሃል አሳየችኝ።

አሸዋ ሊጭን የወረደ ኢሱዙ መሃል ላይ ተይዟል። ውሃው ጎማውን ውጦ በሩ ላይ ደርሷል። ጣሪያው ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሹፌሩ፣ ሰገልና ልጃችን።

«ሁላችንም ሮጠን ወጣን» አለችኝ ፊርዶስ። «ሰገል ግን ውሃውን አይታ ድርቅ ብላ ቀረች። ኑሀሚን ተመለሰች።»

ተመለሰች፣ ኃይሌ። ከወጣች በኋላ ነው የተመለሰችው። በዚያች ሰዓት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምን አገባት ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ዘመም ሲል ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ወይኔ!» አለ። ሹፌሩ የሸራ ማሰሪያውን ገመድ ልጆቹ ወገብ ላይ ሲጠመጥም ይታየኛል። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ምንም አይሰማም። ወንዶቹ ጨዋታቸውን አቋርጠው ከነታኬታቸው መጡ፤ ዘለን እንግባ የሚሉትን ፖሊስ እየጎተተ ያወጣቸዋል።

እኔ እጮሃለሁ። አጠገቤ ያለች አንዲት የማላውቃት ሴት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ አብራኝ መጮህ ስትጀምር ነው ምን እያልኩ እንደሆነ የሰማሁት። «ሃሌሉያ! ሃሌሉያ!» ነው የምለው። እግዚአብሔርን የማመሰግን መስሏታል። አንተ ግን ማንን እንደጠራሁ ታውቃለህ። ልጄ ውሃ መሃል ቆማ ስሟ ጠፋብኝ። ያ ጎርፍ የወሰዳትን ታናሽ እህቴን ነበር የምጠራው።

ምን ያህል እንደቆየ አልነግርህም፤ እኔ ዘንድ ገና አላለቀም። የመንገድ ሥራ ሎደር መጣ። ኦፕሬተሩ ውሃው ትንሽ ጎደል እስኪል ጠብቆ ቀስ እያለ ገባ፤ አፈር የሚያፍስበትን ባልዲ ወደ ጣሪያው አስጠጋው። መጀመሪያ ሰገል፣ እጇን ብረት ቀዶት እየደማች፣ ቀጥሎ ኑሀሚን፣ በመጨረሻ ሹፌሩ ገቡበት። የኑሀሚን እግር መሬት ሲነካ አቀፍኳት፤ ጥርሷ እየተፋጨ «እማ፣ ጓንቴ ሄደ» አለችኝ።

ሹፌሩ ሳላሀዲን ይባላል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጁ ያዘኝ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም። እኔማ የመጣው ይምጣ ብዬ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ያችን ልጅ ይዛ ጎኑን ተንጠልጥላ ወጥታ ጣሪያውን የደበደበችው ልጅሽ ናት። 'ወርያ፣ ውጣ፣ ይሞላብሃል!' እያለች።» ይህን ብሎ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ውድድሩ ይቋረጥ ተብሎ ነበር። ልጆቹ እምቢ አሉ። ትናንት ቅዳሜ የኛ ሴቶች ከጅቡቲ ጋር ተጫወቱ። ኑሀሚን በተዋሰችው ጓንት በሩ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ ግን ኳሱ ላይ አልነበረም። ተራራውን ነው የምታየው። ሕዝቡ ባጨበጨበ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰባል፤ ድምፁ ምን እንደሚመስላት አውቄዋለሁ፣ እኔም ጆሮዬን ይዤ ነበርና። ሰገል መታች፤ ኳሱ በኑሀሚን አጠገብ አለፈ፤ እጇን እንኳ አላነሳችም። ሰገል ግን አልጨፈረችም። መረቡ ድረስ ሄዳ በዚያ በታሰረ እጇ አንገቷን አቀፈቻትና «ሃ ባቂን» አለቻት፤ አትፍሪ ማለት ነው። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ እስኪጠራት እዚያው ቆዩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ኳስ ሁሉ ያዘች። አንድ ለባዶ ተሸነፍን፤ ሕዝቡ ግን ከመቀመጫው የተነሳው ለሁለቱ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጠየቀችኝ። «እማ፣ ፊርዶስ ሃሌሉያ እያልሽ ትጮሂ ነበር አለችኝ። አንቺ እንደዚያ ብለሽ ጮኸሽ አታውቂም። ምን ሆነሽ ነው?»

መንገድ ዳር ቆመን ነገርኳት። አክስት እንደነበረቻት፣ ስሟን፣ የወሰዳትን። ከነገርኳት በኋላ እንደምትፈራ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን «ኳስ ትወድ ነበር?» አለችኝ።

ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ያስታወስኩት የሄደችበትን ቀን ብቻ ነው። ምን ትወድ እንደነበር የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ከብዙ በኋላ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ያኔ አንተና እኔ ተደብቀን ስንገናኝ ለእናቴ እንዳትነግርብን ከረሜላ ታስገዛህ እንደነበር። ሲያልቅባት ደግሞ እንደገና ታስፈራራሃለች። ይህን ስነግራት ኑሀሚን ሳቀች፤ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔም ሳቅሁ፤ አልቅሼም ይሆናል።

«ሌላስ?» አለችኝ። ሌላ አልመጣልኝም። «አባዬ ያውቃል?» አለች። ያውቃል አልኳት። «እንግዲያው እሱ ይነግረኛል» አለችና ገባች።

ለፋሲካ ሳትመጣ ስትቀር ለምን አላልኩህም፤ ሥራ እንዳለህ አውቃለሁ። አሁንም ና አልልህም። ያ ጎርፍ የመጣበት ሐምሌ ሳይገባ አንድ ቀን ቢመችህ ግን፣ ስለ ሃሌሉያ የምታስታውሰውን ለልጅህ አውራት፤ እኔ አጠገባችሁ ሆኜ እሰማለሁ። አሁን ይህን ስጽፍልህ ደንገጎ ላይ ደመና አለ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ኑሀሚን ክፍሏ መኖሯን አየሁ። አለች፤ ማሊያዋን እያጠበች ነው።

ከሥሩ ገብተህ የምትሠራውን መኪና እግዚአብሔር ይያዝልህ። የሰገልን እናት ልጇን አቅፋ የምትውል ያድርጋት። ሳላሀዲንን የትም ቢነዳ መንገዱን ደረቅ ያድርግለት። አንተን ደግሞ ደጃችን ላይ ያሳየን።

ያንተው
አሰገደች