አልጋ ተሸክሞ የመጣው መኪናህ

ልጄ፣ የእኔ ጌታ፣ እንደምን ሰንብተሃል? በሄድክበት ሁሉ እንቅፋት እንኳ አይምታህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው።

አስቀድመህ የላክኸው መኪና ደርሷል። ጉምሩክ ሄጄ ቀረጥ ገማቹ «ምን የተለየ ነገር አለው?» ቢለኝ፣ የልጄን ዕቃ አላሳንስም ብዬ ያስቀየርከውን ትልልቅ ጎማ፣ ከጭቃ የሚያወጣውን ገመድ፣ ጣሪያው ላይ የሚዘረጋውን ድንኳን ከነፍራሹ አንድ በአንድ አሳየሁት። እሱም አንድ በአንድ ጻፈ። ቀረጡን ሲነግረኝ «ወንበር ስጡኝ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ብልጥ ሆንኩልሃ! ኢንሹራንስ ቤት ያችው ጥያቄ ስትመጣ፣ «ኧረ ምን አለው ብለህ ነው! አሮጌ ቆርቆሮ ነው» አልኩት። ሰውዬው አመስግኖኝ እንዳልኩት መዘገበ። አባትህ ወረቀቱን ሲያነብ እስኪያስለው ሳቀ። «የወርቅ ቀረጥ ከፍለሽ፣ ቢገለበጥ የቆርቆሮ ካሳ ልትቀበዪ ነው!» አለኝ። በል ስትመጣ አንተው አስተካክለው፤ እስከዚያ ማንም አይነዳውም።

አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አልጋ ይዞ ይመጣል? ክፍልህን ቀለም አስቀብቻለሁ። አምላክ በሰላም ያግባህ፤ መኪናው ደጅ ይደር፣ አንተ ግን እቤት እደርልኝ።

እናትህ