የሺራዚዋ ክፍል ቁልፍ

ኅዳር 2፣ ዓርብ

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ኒዕማ፣ አላህ ይማራት፣ እዚሁ ሱዳን፣ ኦምዱርማን ሰው ቤት ስትሠራ አሠሪዎቿ ቆልፈውባት መንገድ ሄደው ነበር። ስትወጣ «ምነው ሳትፈልገኝ?» አለችኝ። «መች አወቅኩ» አልኳት።

አውቄ ነበር። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከውስጥ ስታስል ሰምቻለሁ። ጎረቤታቸው ወጥቶ «ምን ትፈልጋለህ? ፖሊስ ልጥራ?» አለኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፎበት ነበር። ተመለስኩ። እውነቱን ሳታውቅ ሞተች።

ሰዉ «አብዱልወሃብ ታጋሽ ነው» ይለኛል። ትዕግሥት ነው?

ዛሬ ኢማሙ ድመት ዘግታ በረሃብ ስለገደለችው ሴት ተናገሩ። የድመት ሐኪም ቤት ሠራተኛ ነኝና ጀማዓው ዞሮ እያየኝ ፈገግ አለ። እኔ ያሰብኩት ስለ ድመት አልነበረም።

ኅዳር 4፣ እሑድ

የሽቦ ቤቶቹን አጠብኩ፤ አሸዋቸውን ቀየርኩ። አንዱ ወንድ ድመት ሽንቱን ከልክሎት ዶክተር ሳዲቅ በቀጭን ቱቦ አወጣለት። እጄን ቧጭሮኛል። ያው የዘወትር ሥራ።

ከሰዓት አዲስ አዳሪ መጣች። ሉሉ የምትባል ጸጉረ ረጅም ነጭ ሺራዚ ድመት። ባለቤቷ ሲት ረሺዳ፣ የካፉሪ ሰፈር እመቤት፣ ለእህቷ ሠርግ ካይሮ ልትሄድ ነው። ትእዛዙ ብዛቱ! የተቀቀለ ዶሮ፣ አጥንቱ የወጣ። መስኮት ያለው ክፍል ለብቻዋ። በጨለማ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ትፈራለች...

ድመቷን አቅፋ የመጣችው ሠራተኛዋ ሬሕማ ናት። የወሎ ልጅ። «ጋሼ፣ ሆዷን እንዳይነኩባት፣ ትቧጭራለች» አለችኝ። ቀስ ብላ ደግሞ፣ «እኔም ስነካ ያው ነኝ።» ሳቅን። «ሲት ስትሄድ አንቺ ታርፊያለሻ?» አልኳት። ወደ እመቤቷ አየች።

ኅዳር 7

ሉሉ እህል አልቀመሰችም። ወፍራም ድመት መብላት ካቆመች ጉበቷ ይበላሻል፤ ትሞታለች። ዶክተሩ ካይሮ ሲት ረሺዳ ጋ ደወለ፦ አብሯት የሚተኛ ሰው ልብስ ይምጣ፣ ሽታው ያረጋጋታል። «እኔ ጋ ነው የምትተኛው» አለች። ከዚያ ድምፅ ዝቅ አድርጋ፣ «...ከሠራተኛዋ ጋር።»

ዶክተሩ ልብሱን እንዳመጣ ላከኝ። ካፉሪ። የውጭው በር ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በውጭ በኩል! አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«አብዱልወሃብ ነኝ፣ ከድመቷ ቤት።»

«ጋሼ! ግቡ ብዬ ሻይ እንዳላፈላልዎ በሩ እንግዳ አይወድም።»

የሲት ወንድም ዳቦ ይዞ ትናንት ይመጣል ተብሎ ነበር። አልመጣም። መብራት ስለጠፋ ሞተሩ ውኃ አይስብም። ከባልዲ ግርጌ የተረፈውን ትጠጣለች። ማዮ ሰፈር አክስት አለቻት፤ ፓስፖርቷ ግን ሲት ጋ ነው።

«እሳት ቢነሳስ?» አልኳት።

«እሳት ቢነሳማ ድመቷ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሻርፗን በበሩ ሥር ሰጠችኝ። ከሱቅ ውኃና ዳቦ ገዝቼ በአጥሩ ላይ አቀበልኳት። ከዚያስ? ከዚያ ተመለስኩ። እንደገና ተመለስኩ!

ኅዳር 8

ሉሉ ሻርፑ ላይ ተጠቅልላ በላች። ዶክተሩ በስልኩ ቀርጾ ለሲት ረሺዳ ካይሮ ላከ። ልብ የሚመስል ምልክት መጣለት።

ስለ ሬሕማ ነገርኩት። «ያ ዐም፣ አጎቴ፣ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። እኛ ድመት ነው የምናክመው። ደንበኛዬን እንዳታስቀይምብኝ።»

«እሺ» አልኩት። እሺ! ምላሴ ይድረቅ።

ከሥራ በኋላ ካፉሪ ሄጄ ውኃ አቀበልኳት። በአጥር ላይ ውኃ ማቀበል ጀግንነት መሰለኝ እንዴ?

ኅዳር 10

የሻርፑ ሽታ ጠፋ መሰለኝ፣ ሉሉ እንደገና ጾም ያዘች። ሲት ረሺዳ በስልክ አለቀሰች። ሬሕማ ራሷ ትምጣ፣ ከድመቷ ጋር ትደር፣ ወንድሜ አሁኑኑ ይከፍታል አለች።

አሁኑኑ! ሰው ሲጠማ ያልተገኘው ቁልፍ ድመት ስትኮራ ወዲያው ተገኘ። ያ ረብ፣ ንዴቴን ምን ላድርገው?

ኅዳር 11

ወንድምየው አመጣት። ፊቷ ከስቷል። ሉሉ ስታያት ዘላ ደረቷ ላይ ወጣች፤ ከእጇ በላች። ደስ ያለኝ እስከዚያ ነው።

ሰውየው ክፍሉን ዞሮ አየ። የመስኮቱን ሽቦ ነቀነቀ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ማታ ወደ ቤትህ ስትሄድ ትቆልፍባታለህ። ከጠፋች ካንተ ነው።» ዶክተሩ መርፌ እያዘጋጀ ነው። ቀና አላለም።

ቆለፍኩ። በዚህ እጄ።

«ጋሼ... ቆለፉ እንዴ?»

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ስሰግድ ረከዓው ተምታታብኝ። በምን አፌ ነው ዱዓ የማደርገው?

ኅዳር 12

ጠዋት ስከፍት ሰላምታ የለም። ድመቷን ታበጥራለች።

«አላህ ያሳያችሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ካፉሪ ባዳ ነው የዘጋብኝ። እዚህ ያገሬ ሰው።»

ቁጭ ብዬ የኒዕማን ነገር ነገርኳት። ማሳሏን፣ መመለሴን፣ መዋሸቴን። ለምን እንደነገርኳት... እንድታዝንልኝ ይሆን?

«እና ምን ላድርግልዎ? ይቅር ልበልዎ? እኔ ኒዕማ አይደለሁም ጋሼ። እኔን እዚሁ ነው የዘጉብኝ።»

ተናደድኩ። በእሷ! ይታያችሁ፣ በእሷ ተናደድኩ። ወጥቼ አሸዋውን በአካፋ ደበደብኩት። ቆይቶ ሲበርድልኝ ሐቁ የእሷ እንደሆነ ገባኝ።

ዛሬም ቆልፌ ነው የመጣሁት። ይህንንም ልጻፈው።

ኅዳር 13

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ዶክተሩ በሌላው ክፍል ሲያክም፣ ደንበኞቹ እያዩ፣ በሩን ከፈትኩ። «ተነሺ» አልኳት።

«የት?»

«ማዮ አክስት አለችኝ ብለሽ የለ? ውጭ አምጃድ ታክሲ አቁሜያለሁ።»

«ፓስፖርቴስ?»

«እሱን እኔ እጠይቃለሁ።»

አላመነችኝም። መኪናው ድረስ ወደ ኋላ እያየች ሄደች። ሹፌሩ «ያላ፣ ያላ» ሲል ገባች። አመስግናኝ አልሄደችም። አይገባኝምም።

ስመለስ ሉሉ በሩ ሥር ትጮኻለች። ዶክተሩም ይጮኻል። «ማን ከፈተ? ያ ዐም፣ ማን ከፈተ?»

«እኔ።»

«አብደሃል? ለሲት ረሺዳ ምን ልበላት?»

«አንተ ምንም አትበላት። ስልኩን አምጣ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። በድምፅ ላኩላት። «ሲት ረሺዳ፣ አብዱልወሃብ ነኝ፣ ድመትሽን የማበላው። ሬሕማን የለቀቅኳት እኔ ነኝ። ዶክተሩ አያውቅም። ድመትሽ በእጄ እስክትበላ አጠገቧ እተኛለሁ። የልጅቱን ፓስፖርት ግን ስትመለሺ እዚህ አምጪልኝ። ፖሊስ የምትልኪ ከሆነ ቤቴ ካላክላ ነው፣ ከገበያው መስጊድ ጀርባ። አብዱልወሃብ ሐበሺው ካሉ ማንም ያሳያቸዋል።»

እንደሰማችው ስልኩ አሳየ።

ቁልፉን ለዶክተሩ ሰጠሁት። የሉሉን ዶሮ ልቀቅል ሄድኩ።