የቀሚስሽ እጥፋት የደበቀው

ውድ እህቴ ፌንጣ፣

ባለፈው ደብዳቤሽ «ልብስ የሚያምርብኝ አንተ የሰፋህልኝ ብቻ ነው» ብለሻል። አንብቤ መቀሱን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ምስጋና ልብስ ሰፊን ያኮራል፤ እኔን ግን አንገቴን አስደፋኝ።

ከአጥር ዘለሽ ጉልበትሽ አጠገብ የተሰበርሽው በዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ እናታችንም ተመስገን አለች። በአሥራ አንድ ዓመትሽ የትምህርት ቤት ቀሚስ ልሰፋልሽ ስለካሽ፣ ግራ እግርሽ ከቀኙ በአንድ ጣት አንሶ አገኘሁት። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

ታዲያ ክቡር ልብስ ሰፊው ምን አደረገ? ወደ ሐኪም ወሰደሽ? የለም! ቀሚሱ ወደ ግራ እንዳያዘነብል ጫፉን በግራ በኩል አንድ ጣት ጨምሮ አጠፈው። «ለገዛ እህቱ አጣሞ ሰፋላት» እንዳልባል ፈርቼ ነው። በየዓመቱ እግርሽ ወደ ኋላ ሲቀር እኔ እጥፋቱን ሳሰፋ፣ ጎረቤቱ «እጁ ወርቅ ነው» ሲል፣ እኔም እንደ አውራ ዶሮ ደረቴን ስነፋ ኖርኩ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አንዱ እግሬ ያጥራል እንዴ?» አልሽኝ። አረማመድሽ ነው፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ብዬ ተቆጣሁሽ።

በአሥራ ስድስት ዓመትሽ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ስንሄድ፣ አንቺ ራጅ ክፍል ሳለሽ ለብቻዬ አስረዳኝ። አጥንት የሚያድገው ጫፉ አካባቢ ካለ ለስላሳ ቦታ ነው አለኝ። ሁለት እግሮች ሳይማከሩ፣ ሜትር የሚይዝላቸው ሳይኖር፣ ለዓመታት እኩል ያድጋሉ። ያንቺ ግራ ግን ያ ቦታ በስብራቱ ተጎድቶ እያዘገመ ነበር።

«ቀደም ብላ ብትመጣ የረጅሙን እድገት ገታ አድርገን አጭሩ እንዲደርስበት እናደርግ ነበር። አሁን ሁለቱም ማደጋቸውን ጨርሰዋል። ያኔ ያየ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም» አልኩት፤ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ።

እናታችን እስከ ዛሬ «እናት ሆኜ ሳላይ ቀረሁ» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። እኔም ሰርቆ ከባለቤቱ ጋር እንደሚያፈላልግ ሰው አጽናናታለሁ። ትናንት አላስችል ብሎኝ ነገርኳት። «እኔንስ ተወኝ፤ ለእሷ ንገራት» አለችኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። ይቅርታሽን በፖስታ እንዳትልኪ፤ አልቀበልም። ሱቄ ደንበኛ በሞላበት ሰዓት ነይና ስሜን ጠርተሽ ስደቢኝ። ማሽኑን አቁሜ እሰማሻለሁ።

ወንድምሽ