ኳሱ ቀለበቱን ስለሳተ የኒም ዛፏ እንድትቆረጥ መወሰኑን ይመለከታል

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን ለአቶ በላይ፣
ሸዋ ሮቢት፣ ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ያለ ዕረፍት ለሚያገለግልዎት የቢሮዎ ቬንትሌተር የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ አላህ በዚህ በግንቦት ሙቀት ጤናዎን እንዲጠብቅልን፣ የደም ግፊትዎን ዝቅ፣ የቡድናችንን ነጥብ ደግሞ ከፍ እንዲያደርግልን ዱዓዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው ኒሟ ናት።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከቅርጫት ኳስ ሜዳዎ አጥር ጥግ፣ ከኒሟ ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውለው ልብስ ሰፊው ሐሚድ ነኝ፤ የቡድኑን መለያ የሰፋሁትም እኔው ነኝ። ባለፈው ዓርብ በአጥሩ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ተነሥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ በአክብሮት አነበብኩት። ቡድናችን ዘንድሮ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው ተጫዋቾቹ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆነው መወርወር ስለለመዱ መሆኑን ኮሚቴው በጥልቅ ጥናት ስለደረሰበት፣ ዛፉ የፊታችን ሰኞ እንዲቆረጥ ተወስኗል ይላል። ግንዷ የአጥሩን ሽቦ ስለዋጠም ኒሟ የኮሌጁ ንብረት መሆኗ ተረጋግጧል ይላል። ይህ ሕግ ከጸና ባለፈው ወር የቀለበቱን መረብ የበላችው፣ ከጎኔ ማንጎ የሚሸጡት የእትዬ ከበቡሽ ፍየልም የኮሌጁ ንብረት መሆኗ ነውና፣ እትዬ ከበቡሽ ፍየሏን መቼ እንደሚያስረክቡ ቢያሳውቋቸው ደስ ይላቸዋል።

ኮሚቴዎ ለደከመበት ጥናት ያለኝን ምስጋና በቃላት መግለጽ ስለማልችል፣ በቅሬታ ልገልጸው ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ልምምዱ በስምንት ሰዓት እንዲሆን ስላደረጉልን እናመሰግናለን። በእኛ በቀወት ቆላ ገበሬው ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ፀሐይ ሳትከር ሥራውን ይጨርሳል፤ ነጋዴውም፣ አህያውም ይህንኑ ያውቃሉ። በስምንት ሰዓት ሜዳ ላይ የሚቆም እንሽላሊት እንኳ እስካሁን አላየሁም። አሰልጣኝ ሽፈራው ግን ጠዋት ለምን አይሆንም ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጠዋት እንቅልፍ የሚጥምበት ሰዓት ነው ብለው በቅንነት መልሰውልኛል። ስለዚህ ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ኒሟ ሜዳው መሀል ላይ በጣለችው ጥላ ውስጥ አምስቱም ይታጨቃሉ። ከዚያ ሆኖ ሲያዩት ቀለበቱ ሌላ ወረዳ ያለ ይመስላል፤ እነሱም ኳሱን የደረሰበት ይድረስ ብለው ይልኩታል። ቅብብል የሚባለውን ነገር የጠበቅን እንደሆነ፣ ለመቀበል ፀሐይ ላይ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋልና አልተገኘም። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ ጥቃታችንም አብሮት ይሄዳል፤ አመሻሽ ላይ ቡድኑ በሙሉ ከሜዳው ወጥቶ ከማዶው አጥር ጥግ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ተጫዋቻችንን አብዱልመሊክን ስለሰጡን እናመሰግናለን። ይህ ልጅ ከቁመቱ የተነሣ ሱሪውን ሁለት ጊዜ ጨርቅ ቀጥዬ አስረዝሜለታለሁ። ቀለበቱ ሥር ቆሞ እጁን ቢያነሣ ይበቃ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ቁልፍ ላስተክል ብሎ ሲመጣ ብጠይቀው፣ ጋሼ ሐሚድ፣ እዚያ ማን ይቆማል፣ ብረቱ ራሱ እኮ ይፋጃል አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የኒሟን ቅርንጫፍ ላለመንካት ጎንበስ ብሎ ተጫወተ፤ እነሆ ዛሬ መንገድ ላይ ስናየውም ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛ፣ ዘንድሮ ከተወረወሩት ኳሶች መካከል ዒላማቸውን ያልሳቱት በእትዬ ከበቡሽ የማንጎ ክምር ላይ ያረፉት ብቻ ናቸው።

አራተኛ፣ የደብረ ሲናውን ጨዋታ ላነሣው አልፈልግም ነበር፤ ማስታወቂያዎ አስነሣኝ እንጂ። ያን ዕለት የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፌ፣ ቡድኔን ልደግፍ ዳገቱን ወጣሁ። እዚያ እንደሚያውቁት ጉም ነው፤ ፀሐይ የለም፣ ጥላ የለም፣ ኒምም የለም። ልጆቻችን ግን ሜዳ እንደገቡ፣ አገራቸው ላይ ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ በአሳብ ለክተው፣ አምስቱም እዚያው ተሰብስበው ቆሙ። ከዚያው ወረወሩ፣ ከዚያው ሳቱ። የደብረ ሲና ልጆች መጀመሪያ የረቀቀ ስልት መስሏቸው ተጨንቀው ነበር፤ ኋላ ግን መከላከሉን ትተው ወገባቸውን ይዘው ያዩን ጀመር። አንድ ደግ አዛውንትማ ልጆቹ ብርድ ይዟቸው የተቃቀፉ መስሏቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ላኩላቸው። ሃምሳ ስምንት ለዘጠኝ ተሸንፈን ወረድን። ጋቢውን ለብሰው የተመለሱት አሰልጣኝ ሽፈራው ናቸው፤ ከዚያ ጨዋታ ያተረፍነውም እሱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ኒሟ በሚኒባሱ አብራን አልወጣችም። ወንበር ስላልነበረ እኔም አላስቀመጥኳትም። የዓመቱን ትልቁን ሽንፈት የተሸነፍነው እሷ በሌለችበት ነው። ልምምዱን ወደ ጠዋት ለመመለስ አሰልጣኙን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ስለሚያስፈልግ፣ ኮሚቴው መጥረቢያ ማንሣቱ ቀሎ ታየው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

አሁን ሽሙጡን ትቼ አንድ ነገር ልናገር። ያቺ ኒም ከተቆረጠች እኔ የስፌት መኪናዬን የምዘረጋበት ቦታ የለኝም፤ በሮቢት ፀሐይ ብረት በእጅ አይነካም። የእትዬ ከበቡሽ ማንጎ ቀትር ሳይደርስ ይፈላል። ልጆቹም ጥላ ካጡ ጨርሶ አይመጡም፤ የሚስቱትን እንኳ የምናይበት ቀን ያበቃል። ቢስቱም የኔ ቡድን ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁጥር የለጠፍኩት በእጄ ነው። ማስታወቂያውን ካነበብኩ ወዲህ ክር መርፌ ቀዳዳ አልገባልህ ብሎኛል፤ በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ኒሟን እንዲምሩልን፣ ግድ የሚቆረጥ ነገር ካለም የአሰልጣኙ የጠዋት እንቅልፍ እንዲሆንልን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ እለምናለሁ።

ለዕውቀትዎ ጥልቀት ልኬት ያጣሁለት፣
በክቡርነትዎ ቬንትሌተር የማልቀና፣
በአላህ ጥላ፣ እስከ ሰኞም በኒሟ ጥላ የምኖር ጎረቤትዎ፣
ልብስ ሰፊ ሐሚድ ሀሩን

ግልባጭ፦
ለአሰልጣኝ ሽፈራው (ሲነቁ)
ለእትዬ ከበቡሽ
ለፍየሏ (ከመብላቷ በፊት እንዲነበብላት)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሰኞ ደረሰ። ክቡርነትዎ የላኳቸው ሁለት ቆራጮች ከአሰልጣኝ ሽፈራው ጋር በአምስት ሰዓት መጡ፤ ፀሐዩ እስኪበርድ ብለው መጥረቢያውን አስደግፈው ከኒሟ ሥር አረፍ አሉ፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ሦስቱም ተኝተዋል። ሥራው ለምን እንደዘገየ ለማየት ክቡርነትዎ ራስዎ እንደሚመጡ ስለሰማሁ፣ ደብዳቤውን ቢሮዎ ድረስ በማምጣት አላደክምዎትም፤ ግንዱ ላይ ለጥፌዋለሁ። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስከዚህ መስመር ድረስ አንብበው ከደረሱ ግን እባክዎ ወደ መሬት ዝቅ ብለው የት እንደቆሙ ይመልከቱ፤ በሮቢት ይህን ያህል ጽሑፍ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጨርስ ሰው የለም።