እታለምና የወንዙ ዳር ቀጠሮ

እኛ ታናናሾቻቸው እታለም፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ ሻለቃ የምንላቸው እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው፣ ጉም በወረደበት አንድ ማለዳ በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤቱ በአንድ በኩል የአባታቸው መጋዝ፣ በሌላ በኩል የእናታቸው የስፌት መኪና የሚሰማበት ነበርና በሁለቱ ድምፅ መካከል እንቅልፍ እየወሰዳቸው አደጉ። ገና በልጅነታቸው ዓይናቸውን ገልጠው ማለም ያውቁበት ነበር። ጨው እንዲገዙ ተልከው፣ መንገድ ላይ ደመና ሲያዩ ቆይተው፣ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ምን እንደተላኩ ይጠይቁ እንደነበር እናታቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀቁ። በ1971 ዓ.ም. ሠራዊቱን እቀላቀላለሁ ባሉ ጊዜ ቤተሰቡ ጉድ አለ። አባታቸው ይቺ ልጅ ሰልፍ ላይ ቆማ ሌላው ሲሄድ እሷ ደመና እያየች ትቀራለች ብለው ሰጉ። እርሳቸው ግን አልቀሩም፤ በታታሪነታቸው ከማዕረግ ወደ ማዕረግ አድገው ሻለቃ ሆኑ።

በ1978 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ሰዓት ሠሪ አግብተው በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ባለቤታቸው መላ ቢያጡ የቤቱን ሰዓት ሁሉ ወደፊት ገፉት፤ እታለም ይህን ሲደርሱበት እነዚያን ሰዓቶች ማመን አቆሙና ነገሩ ባሰ።

በ1996 ዓ.ም. የሴቶችና የሕፃናት መብት ጥበቃ ኃላፊ ሆነው፣ ጦርነት ወዳደቀቀው አገር ለሰላም ማስከበር ዘመቱ። ከዚያ ሲደውሉልን ሕልማቸውን የሚነግሩን ይመስል ነበር። ነጫጭ መኪኖች አቧራው ላይ ያለ ድምፅ ይንሳፈፋሉ፤ ማለዳ ጉሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው ጀሪካኑ ነው፣ የተሸከሙት ሴቶች በኋላ ነው የሚመጡት ይሉን ነበር።

በተፈናቃዮች ካምፕ የተጠለሉት ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከሩቅ ወንዝ ስለነበር መንገድ ላይ ጥቃት ይደርስባቸው ነበር። ተልዕኮው በበጎ ሐሳብ ተነሣሥቶ ከካምፑ በር ላይ ጉድጓድ አስቆፈረና ቦኖ አቆመ፤ ዘብም ተመደበለት። ብዙ ሳይቆይ አቤት የምትል ሴት ጠፋች። አዛዡ ሰላም ወረደ ብለው ለበላይ አስታወቁ። እታለም ግን ይህን ያህል ሴት በአንድ ጊዜ ዝም ያለበት ሰፈር አይተው እንደማያውቁ ተናግረው፣ የቆሸሸ የደንብ ልብሳቸውን በሳፋ ተሸክመው፣ ከአገሬው የተመደበችላቸውን አስተርጓሚ አስከትለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ወረዱ። ልብስ ለማጠብ አሁንም ወደዚያ የሚሄዱ ሴቶች ነበሩና ከእነርሱ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያጥቡ ጀመር። ባልደረቦቻቸው ሻለቃዋ ልብስ አጣቢ ሆነች አሉ። ሴቶቹም ባስተጣጠባቸው ሳቁባቸው፤ አንዷማ ሸሚዙን ከእጃቸው ነጥቃ እንዴት እንደሚታሽ አሳየቻቸው። ከሳቁ በኋላ ጨዋታ መጣ፤ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ እውነቱ።

ቦኖውን ያቆሙት ሰዎች አንድ ነገር አላሰቡም። ሴቶቹ ገመናቸውን የሚነጋገሩት ወንድ በማይደርስበት በዚያ ወንዝ ዳር ነበር፤ ቦኖው ዘንድ ግን አፋቸውን ቢከፍቱ የሚሰማቸው ዘቡ ነው። ቁልፉን የያዘው ይኸው ወታደር ደግሞ ለልጃገረዶች ውሃውን በነፃ አይከፍትም ነበር። ምን ይጠይቃቸው እንደነበር በአባትና በእናት ፊት የሚነገር አይደለምና አንዘረዝረውም። ሰውዬው ከራሳቸው ከእታለም አገር፣ ከራሳቸው ጦር የመጣ ነበር፤ እታለም ግን ከሰሱት።

ለመመስከር የደፈረችው አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት፣ ሴቶቹ ወፊቱ የሚሏት ልጅ ነበረች። በአስተርጓሚዋ በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስናገር አጠገቤ ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ» አሉ እታለም።

የጦሩ አለቆች የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም አሏቸው። ታላቅ ወንድማቸውም ስልክ ደውለው በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው መከሩ። እታለም ሁሉንም በአክብሮት አዳመጡ፤ ክሱን ግን አላነሱም። የምስክርነቱ ቀን ሲቃረብ በድንገት ወደ አገርሽ ተመለሺ ተባሉና ማለዳ አውሮፕላን ላይ ተሳፈሩ፤ ወንዙ ድረስ ሄደው ለልጅቷ እንኳ መንገር አልተፈቀደላቸውም። ወፊቱ ግን ቀረበች። አስተርጓሚዋ በኋላ ደውላ እንደነገረቻቸው፣ ልጅቷ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶውን እንዲቀመጥ ለምና፣ ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ዞር ትል ነበር።

ወታደሩ ተፈረደበት፤ የቦኖው ቁልፍም ለሴቶቹ ተሰጠ። እታለም ይህን ሰምተው ደስ አላቸው፤ ቁጭ ብለውም አለቀሱ። ማዕረጋቸው ከዚያ በኋላ ሳይነቃነቅ ቀረ። ስለ ማዕረጋቸው ሲያነሡ ሰምተን አናውቅም፤ ስለ ወንበሯ ግን ያነሡ ነበር። ባለቤታቸው እንደሚሉት ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው መጣሁ፣ መጣሁ ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሰላም ማስከበር የሚሄዱ ወታደሮችን በማሠልጠን አገለገሉ። ወንዶቹ ስለ መሣሪያና ስለ ካርታ ሲጠብቁ፣ እርሳቸው የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ ሴቶች የት ተቀምጠው ነው የሚያወሩት የሚለውን ያስተምሩ ነበር። መጀመሪያ የሚያንጎላጁት ሠልጣኞች ሲመለሱ ቤታቸው ድረስ መጥተው አመስግነዋቸዋል።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመትም ማንም ሳይልካቸው ወደዚያ አገር ሄዱ። ካምፑ ፈርሶ ሣር በቅሎበታል። ሰዎቹ ተበትነዋል፤ ወፊቱንም የሚያውቅ አልተገኘም። ወንዙ ግን እንደነበረ ነበርና ከማያውቋቸው ሴቶች ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ ያሰሩትን ሻሽ ፈትተው ሲያጥቡ ዋሉ። ሲመለሱ ምን አገኘሽ ብንላቸው፣ ከቀጠሮዬ ደረስኩ፣ እሷን አጣኋት እንጂ አሉን።

እታለም ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በስልሳ አምስት ዓመታቸው በእንቅልፋቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ውሃው ከማይደፈርስበት፣ ዘብም ከማያስፈልግበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም እርሱ ያጽናን።

ትተዋቸው ከሄዱት ሰዎች መካከል አንዲት ሴት እንዳትረሳ፣ የጽሑፉም መጨረሻ ለእርሷ እንዲሆን በሕመማቸው ጊዜ አደራ ብለውናል። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆነሻል፤ የት እንዳለሽ አናውቅም። ወፊቱ፣ ይህ ቃል ከጆሮሽ ቢደርስ፣ እታለም መጥተው ነበር።